የጉድጓድ ቆፋሪው ልጅ ቤት

አያልነሽ የገዛችው መሬት ማንም ያልፈለገው ነበር። ናይሮቢ ዳር፣ ከካሳራኒ ሰፈር ወዲያ፣ የሚኒባሱ የማታቱው መስመር አልቆ የእግር መንገድ በሚጀምርበት፣ ዓመታት ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ የተተወ ካባ አለ። ድንጋዩ ሲያልቅ ባለቤቶቹ ዙሪያውን ሸንሽነው ሸጡት። ሜዳ ሜዳው ወዲያው አለቀ። ጫፍ ጫፉ፣ ግማሹ ከላይ ግማሹ ከታች የሆነው፣ መካከሉን የሁለት ሰው ቁመት ያለው ገደል የሚከፍለው ቁራጭ ግን ገዢ አጥቶ ተቀመጠ። ደላላው አያልነሽን እዚያ ሲያደርሳት ራሱ አፍሮ "ለፍየል ይሆናል" አላት። እሷ ግን ወደ ገደሉ ተጠግታ ድንጋዩን በመዳፏ ዳበሰችው። ዝናብ በጣለ ማግስት ነበር፤ ድንጋዩ ደረቅ ነው።

"ይሆነኛል" አለች።

ምን እንደሚሆናት ለደላላው አልነገረችውም። ነገር ቶሎ የማታወጣ ሴት ናት።

አባቷ ቀወት ውስጥ፣ ከሸዋሮቢት ዝቅ ብሎ ባለው ቆላ፣ የማሽላ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። በዚያ አገር ማሽላ ከመሬት በላይ ካደረ ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ይቀበራል። ጉድጓዱ እንደ እንስራ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ተቆፍሮ ሲያልቅ ውስጡ እሳት ይነድበታል፣ በእበት ይለቀለቃል፣ ገለባ ይነጠፍበታል። እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይደፈናል፤ የመርፌ ቀዳዳ አይቀርለትም። ቀዳዳ ከቀረ እርጥበት ይገባል፣ እህሉ ይሻግታል፣ የቆፋሪውም ስም አብሮ ይሻግታል። የአባቷ ጉድጓድ አንድም ጊዜ ሻግቶ አያውቅም። በጠባቡ አፍ ሾልካ ገብታ ውስጡን የምትለቀልቅ ቀጭን ልጅ ሲያስፈልጋቸው አያልነሽን ከአራተኛ ክፍል አስወጧት። "ትምህርቱ የትም አይሄድም" አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ትምህርቱ የትም አልሄደም። የሄደችው እሷ ናት።

ናይሮቢ ከገባች ሃያ አንድ ዓመት አለፋት። ባሏ ታዴዎስ ልጃቸው ስምንት ዓመት ሲሆናት ለሥራ ብሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በየበዓሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን በሱ ቁጥር ሌላ ሰው አነሳ። አያልነሽ አላለቀሰችም፤ ወይም አልቅሳ እንደሆነ ያየ የለም። ፓርክላንድስ ሰፈር ያለ የአንድ እንግዳ ማረፊያ አንሶላ እያጠበችና እየተኮሰች ልጇን ራሔልን አሳደገች። አንሶላው በከረጢት በመኪና ይመጣል፣ ታጥቦ ተተኩሶ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። ካሳራኒ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ሲኖሩ ውሃውን በጄሪካን በደረጃ ታወጣው ስለነበር ጉልበቷ አለቀ።

ራሔል ትምህርቷን ጨርሳ ፓርክላንድስ አንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትቀጠር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እዚያው አቅራቢያ ቤት ልትከራይ አሰበች። አያልነሽ ይህን የሰማችው የቤቱ ሥራ ሊያልቅ ሲል ነው።

"እኔ እኮ ቤት እየሠራሁልሽ ነው" አለቻት።

"ጉድጓድ ነው የምትሠሪው እማ። አንድ ሰው ቤታችሁ የት ነው ሲለኝ ምን ልበል? መሬት ውስጥ፣ እንደ ፍልፈል?"

"ፍልፈል የቤት ኪራይ ሲከፍል አይተሻል?"

ራሔል ሳትወድ ሳቀች። ሳቋ ግን ሐሳቧን አላስለወጣትም። ብዙ ከተነታረኩ በኋላ እንዲህ ተስማሙ፤ ራሔል እስከ ጁላይ መጨረሻ አብራ ትኖራለች። ከተመቻት ትቀራለች። ካልተመቻት ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፤ እናቷም ለቅሶ አትቀመጥም።

"ሳዋ? ተስማማን?" አለች ራሔል።

"ሳዋ" አለች አያልነሽ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ድህነትን ለምዳዋለች፣ የሰው አገርን ለምዳዋለች፣ የታዴዎስን አለመኖር ለምዳዋለች። ራሔል የሌለችበት ቤት እንዴት እንደሚለመድ ግን አታውቅም።

ቤቱን የሠራላት አብዱልአዚዝ የሚባል የሞያሌ ሰው ነው። አማርኛውን ከድንበሩ ወዲያ፣ ግንበኝነቱን ከድንበሩ ወዲህ የተማረ፣ ሲሠራም ሲያርፍም አፉ የማያርፍ። መሬቱን መጀመሪያ ያየ ቀን በገደሉ ጫፍ ቆሞ ወደ ታች ተመለከተና "ማማ ራሔል፣ ቤት ነው የሚፈልጉት ወይስ መደበቂያ?" አላት፤ በኬንያ እናት በልጇ ስም ትጠራለች። ዕቅዷን ስትነግረው ግን ስልኩን አውጥቶ ነጮች እንዲህ ዓይነት ቤት ሲሠሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጎ አሳያት። "ይኸው፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም ያበዱት" አላት።

ሥራው ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ገንዘብ እጇ ላይ ሲኖር ይሠራል፣ ሲጠፋ ይቆማል። ገደሉን ወደ ውስጥ ቦረቦሩት፤ ጀርባውና ሁለቱ ጎኖች ያው የተፈጥሮ ድንጋይ ሆኑ። ከውስጥ በወጣው ድንጋይ ፊቱን ገነቡት፤ አንድ በርና ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች፣ ወደ ፀሐይ መውጫ። ጣሪያው ብረትና ኮንክሪት፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ክንድ ሙሉ አፈር፣ በአፈሩ ላይ ሣር። ከላይ በኩል ለሚመጣ ሰው ቤት መኖሩም አይታወቅም፤ የጎረቤት ላም ሁለት ጊዜ ጣሪያው ላይ ስትግጥ ተገኝታለች።

የተጣሉት በሁለት ነገር ነው። አንዱ ውሃ ነበር። አብዱልአዚዝ ከቤቱ በላይ የሲሚንቶ ግንብ ሠርቶ ጎርፉን ማገድ ፈለገ። አያልነሽ እምቢ አለች።

"ውሃን ከልክለኸው አይቆምም። መንገድ ስጠው፣ ራሱ ይሄድልሃል።"

"ይህን ያስተማረዎት ማነው፣ ኢንጂነር?"

"አባቴ።"

"ኢንጂነር ነበሩ?"

"ጉድጓድ ቆፋሪ።"

አብዱልአዚዝ ሳቀ፤ ግን እንዳለችው ከጣሪያው በላይ በግማሽ ክብ ቦይ ቆፍሮ በጠጠር ሞላው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ቤቱን እንደ እንግዳ ዞሮት ወደ ካባው ወረደ። ከዚያ ወዲህ የውሃ ነገር ሲነሣ እሷን መጠየቅ ጀመረ።

ሁለተኛው ጠብ አየር ነበር። አብዱልአዚዝ ከጀርባው ግድግዳ ጫፍ ሁለት ወፍራም ቱቦዎች ጣሪያውን ሰንጥቀው በሣሩ መካከል እንዲወጡ አደረገ። "የቤቱ አፍንጫ ነው" አለ። አያልነሽ ቀና ብላ ቀዳዳዎቹን አየቻቸው። በአባቷ ሥራ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የተወ ሰው ከአገር ይሰደዳል። አልተከራከረችም። ዝም አለች፤ እሱም ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

ስቲማ የሚሉት የኤሌክትሪክ ምሰሶ እስከ ካባው ስለማይደርስ መብራቱ ከፀሐይ ሆነ። አራት ሰሌዳዎች ጣሪያው ሣር ላይ ተተከሉ፤ ባትሪውና ኃይሉን የሚቀይረው ማሽን በበሩ ጎን ተሰቀሉ። ሻጩ ከተማ ውስጥ እየማለ "ሁሉን ይሸከማል" ብሏት ነበር። አምፖሉን ተሸከመ፣ ስልኩን ተሸከመ፣ ቴሌቪዥኑንና ትንሿን ፍሪጅ ተሸከመ። ካውያውን ስትሰካው ግን ማሽኑ እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸና ቤቱ ጨለመ። እንደገና ሰካችው፤ እንደገና ጮኸ።

"ካውያ እኮ እሳት ነው ማማ ራሔል" አለ አብዱልአዚዝ። "ፀሐይ በገመድ ስትመጣ ደክማ ነው የምትደርሰው። አምፖል ታበራለች፣ እሳት አታነድም።"

አያልነሽ አልተማረረችም። ከጊኮምባ ገበያ የከሰል ካውያ ገዛች። ልጅ እያለች የመምህራቸው ሚስት ስትተኩስበት ያየችው ዓይነት፣ ክዳኑ ላይ የብረት ዶሮ ያለበት።

ማርች ሊያልቅ ሲል ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ዝናቡ ገና ስላልበረታ ውጭው ያቃጥላል፤ በሩን አልፈው ሲገቡ ግን ሰውነት ደስ ይለዋል። ራሔል ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ታሳርፍና "ኤሲ ያለው ሆቴል እኮ ነው የሚመስለው" ትላለች። አንድ እሑድ ጓደኞቿን አምጥታ አሳየቻቸው። አንደኛዋ ፎቶ አነሳች። አያልነሽ ሻይ እያፈላች ጆሮዋን ከነሱ አላነሳችም። "ዋው" ሲሉ ሰምታለች።

ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ብርዱም ተከተለ። ከሁለቱ ቀዳዳዎች ቀዝቃዛ አየር ወደ ራሔል አልጋ ይወርድ ጀመር። አንድ ጠዋት ራሔል ሦስት ጊዜ አነጠሰች። ሦስት ጊዜ ብቻ። አያልነሽ ግን ንፋስ እንዴት ሰው እንደሚመታ ታውቃለች፤ አፍ ያጣመመው፣ ወገብ የቆለፈው፣ ወጣት በአንድ ሌሊት አልጋ ላይ ያስቀረው ንፋስ ነው። ናይሮቢ ሃያ አንድ ዓመት ስትኖር ማታቱ ውስጥ መስኮት ያልዘጋችበት ቀን የለም።

ራሔል ሥራ እንደሄደች ከጎረቤት እበት ለመነች። ጭቃ አቦካች፣ ገለባ ጨመረች፣ መሰላል ላይ ወጥታ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ደፈነች። እጇ አልረሳም። በአውራ ጣቷ ጠርዙን እያዞረች፣ በመዳፏ እያለሰለሰች፣ ከደረቀ በኋላ ኖራ ቀባችው፤ ቀዳዳ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ ማንም አይለየውም። ከመሰላሉ ስትወርድ ቤቱ ፀጥ አለ። ብዙ ጊዜ ያልተሰማት ዓይነት እርካታ ተሰማት። ለማንም አልተናገረችም።

ዝናቡ ሲበረታ አንሶላ ውጭ የሚሰጣበት ቀን ጠፋ። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥራ ውስጥ ትሰጣ ጀመር፤ ሠላሳ፣ አርባ አንሶላ። ጥጉ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ካውያውን እየሞላች ትተኩሳለች። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ዝግ ነው፤ በበሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አለ።

ሜይ ውስጥ ከራሔል አልጋ ራስጌ፣ ከጥጉ፣ የዝንብ ኩስ የመሰሉ ጥቁር ነጥቦች ወጡ። አያልነሽ ኖራ ቀባቻቸው። በሳምንቱ ተመለሱ። እንደገና ቀባች፤ ቁም ሳጥኑንም ገፍታ ሸፈነቻቸው።

"ለምን አዛወርሽው?" አለች ራሔል።

"እዚያ ያምራል ብዬ ነው።"

"በሩ አይከፈትም እኮ እማ። ልብሴን በምን ላውጣ፣ በመስኮት?"

አያልነሽ ቁም ሳጥኑን አንድ ስንዝር ሳበችው። ጥቁሩ በዚያ ስንዝር በኩል ብቅ እንዳይል የቀን መቁጠሪያ ሰቀለችበት።

ጁን ውስጥ ራሔል ማሳል ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ነው የሚብሰው። ክሊኒኩ ስትደርስ ይሻላታል፣ ቤት ስትገባ ይነሣባታል። አንድ ቀን ሸሚዟን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ እያሸተተች ከመኝታዋ ወጣች።

"ይሸታል። ሁሉም ልብሴ ይሸታል። ሰው ሲጠጋኝ ወደ ኋላ እላለሁ፣ ታውቂያለሽ?"

"ሳሙናውን እቀይራለሁ።"

"ሳሙና አይደለም! ቤቱ ነው!"

በዚያው ሳምንት የእንግዳ ማረፊያው ሹፌር ታጥቦ የሄደ አንድ ከረጢት አንሶላ መልሶ አመጣ። "ፖሌ ማማ፣ ይቅርታ፣ ማዳም እንደገና ይታጠብ ብላለች" አለና አይኗን ሳያይ ሄደ። አያልነሽ ከረጢቱን ፈታች። አንሶላው ሻጋታ ይሸታል። የተበላሸ ጉድጓድ ሲከፈት እንደሚሸተው።

አብዱልአዚዝን ጠራችው። መጥቶ ቁም ሳጥኑን ገፋው፤ ግድግዳውን አይቶ አፉን በእጁ ያዘ።

"ጣሪያው አፍስሷል" አለ።

"አያፈስም።"

"ታዲያ ይህ ምንድነው፣ ላብ?"

"ቦዩ ሠርቷል፣ አንተው አይተሃል። ጣሪያዬ አያፈስም።"

ሁለቱም ጣሪያው ላይ ወጡ። ሣሩን ገለጡ፣ አፈሩን ቆፈሩ፣ ጠጠሩን አነሡ። ላስቲኩ ደረቅ ነው። አብዱልአዚዝ ተንበርክኮ በጣቱ ነካው፣ ጣቱን አየ፣ እንደገና ነካው። አያልነሽ በላዩ ቆማ ታየዋለች። አባቷ ቢኖሩ ያን ጊዜ ይኮሩባት ነበር፤ ግን ኩራቱ ግድግዳውን አላደረቀውም።

አብዱልአዚዝ ወደ ውስጥ ተመልሶ ከጥቁሩ ጎን ንጹሕ የሆነ ቦታ መረጠና የትሪ ስፋት ያለው ላስቲክ አራቱንም ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

"አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ያስተማረኝ ነው" አለ። "ሦስት ቀን አይንኩት። ከላስቲኩ ኋላ፣ ከግድግዳው በኩል ውሃ ከያዘ፣ ውሃው ከመሬት ይመጣል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከፊቱ፣ ከክፍሉ በኩል ከያዘ…"

"ከያዘስ?"

"ያን ጊዜ እንነጋገራለን።"

ሦስቱን ቀን አያልነሽ ወደ ላስቲኩ አላየችም። የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ በብዛት ስለመጣ ከጠዋት እስከ ማታ ትተኩሳለች። ራሷን ያማታል፤ ከሳምንታት ጀምሮ ሲያማት ነበር፣ ሐሳብ ነው ብላ ተወችው። ጁላይ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘጠነኛውን አንሶላ ስታጥፍ ጉልበቷ ከዳት። አልወደቀችም፤ ተቀመጠች፤ የታጠፈው አንሶላ ላይ። ትንሽ አርፌ እነሣለሁ አለች በልቧ። ካውያው ጠረጴዛው ላይ ሲያጨስ ታየዋለች፤ እጇን ልትዘረጋ አስባ እጇ እሺ አላላትም። አባቷ የተከፈተ ጉድጓድ ሳያድር እንዳይገባ ይከለክሉ ነበር፤ አየሩ ይገድላል ይሉ ነበር። ይህን ሁሌም ታውቀው ነበር። ከአባቷ ሙያ መድፈኑን ወስዳ ይህንን እዚያው ትታው መጥታለች። ይህም አልገረማትም፤ እንቅልፏ ብቻ መጣ።

"ሆዲ!" የሚል የእንግዳ ጥሪ ከሩቅ ሰማች። አብዱልአዚዝ ነው፤ ላስቲኩን ሊያይ መጥቶ። በሩን ሲከፍት ከሥሩ ያለው ጨርቅ ያዘው፤ በትከሻው ገፍቶ ገባ። ከዚያ የምታስታውሰው በብብቷ ተይዛ ስትጎተት፣ ተረከዟ ደፉን ሲመታ፣ ከዚያም ሰማይ ነው። ካባው ጫፍ ላይ በጎኗ ተኝታ አስታወከች። አብዱልአዚዝ ካውያውን ከነከሰሉ አውጥቶ ወደ ካባው ወረወረው። መስኮቶቹን በሙሉ ከፈታቸው። ከዚያ ውስጥ ቆሞ ሲጮህ ተሰማት።

"የት ሄዱ? ማማ ራሔል! ቀዳዳዎቼ የት ሄዱ?"

 ወጥቶ በላይዋ ቆመ።

"ደፍነዋቸዋል?"

"ንፋስ ይገባል።"

"ንፋስ!" ራሱን ያዘ። "እኔ እኮ ማታቱ ውስጥ ሙቀት ሰው ሲያቀልጥ መስኮት የሚዘጋ ሰው ካየሁ፣ ፊቱን ሳላይ ሐበሻ ነው እላለሁ። ማታቱ ይሁን። ቤት! ቤት እንዴት አፍንጫው ይደፈናል?"

"ጉድጓድ…" አለች አያልነሽ፤ አልጨረሰችውም።

"ማሽላ አይተኩስም፣ ማሽላ አንሶላ አያሰጣም" አለ አብዱልአዚዝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ጎኗ ተቀመጠ። ላስቲኩን ነቅሎ ይዞት ነበር፤ ፊቱን አዙሮ አሳያት። ከክፍሉ በኩል ያለው ፊት ውሃ አዝሎ ይንጠባጠባል። ከግድግዳው በኩል ያለው እንደ ወረቀት ደረቅ ነው። "ከመሬቱ አይደለም። ከአንሶላው፣ ከድስቱ፣ ከናንተ ትንፋሽ ነው። መውጫ አጥቶ ግድግዳው ላይ አረፈ።"

አያልነሽ ላስቲኩን ተቀብላ አየችው። ጣሪያው አፍስሶ ቢሆን ይሻላት ነበር።

አብዱልአዚዝ ደውሎላት ራሔል በቦዳ ቦዳ ከንፋ መጣች። ሞተር ሳይክሉ ሳይቆም ዘላ ወርዳ፣ የክሊኒኩን ሰማያዊ ዩኒፎርም እንደለበሰች ሮጣ እናቷን ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት።

"ልትሞቺ ነበር! ይገባሻል? ልትሞቺ ነበር!"

"አልሞትኩም።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ለምን ሁሉን ነገር ትደብቂያለሽ? ሻጋታውንም አውቄዋለሁ እኮ፣ ከቀን መቁጠሪያው ኋላ። ያላየሁ መስዬ ነበር።"

አያልነሽ ቀና ብላ አየቻት። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።"

ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ የከሰል ጭስ ነው ተብሎ አንድ ቀን ኦክስጅን ተደርጎላት ተመለሰች። አብዱልአዚዝ ሁለቱን ቀዳዳዎች በመሮ ከፈታቸው። ጭቃው በአንድ ምት አልወጣም፤ "እጅዎ አይጣል ነው፣ ከኔ ሲሚንቶ ይጠነክራል" እያለ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ከዚያ ከበሩ ውጭ አራት እንጨት ተክሎ ቆርቆሮ አለበሰላት፤ መተኮሻና ማስጫ እዚያ ሆነ።

የጁላይ የመጨረሻ ሳምንት መጣ። ራሔል ስለ ሻንጣ አላነሳችም። ጠዋት እየሳለች ትነሣለች፣ እናቷን "ራስሽን አመመሽ?" ብላ ትጠይቃለች፣ መስኮቱ መከፈቱን አይታ ትወጣለች። ከሥራ በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች። አንድ ማምሻ ላይ ጓደኛዋ ስትደውልላት አያልነሽ በሩ ላይ ሆና ሰማቻት። "አልችልም፣ ሲዌዚ። እማዬን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ? ሌላ ሰው ፈልጉ።"

አያልነሽ አንሶላውን ጣለችና ተቀመጠች። የፈለገችው ይኸው ሆነ። ዓመት ከመንፈቅ ድንጋይ ያስቆፈራት፣ ቀዳዳ ያስደፈናት፣ ኖራ ያስቀባት ነገር በገዛ እግሩ መጥቶ ቤቷ ተቀምጧል። ዝም ካለች ይቀራል። ዝም ማለት ደግሞ ታውቅበታለች።

ራሔል ስልኩን ዘግታ ስትወጣ ትስል ነበር።

"ከነማን ጋር ነው ያወራሽው?" አለች አያልነሽ።

"ከማንም። ከነሱ። አልሄድም ብያቸዋለሁ።"

"መልሰሽ ደውዪ።"

"እማ፣ አሁን እንጀምር?"

"ግድግዳው ገና እርጥብ ነው። ሳልሽ አልቆመም። እዚህ ብትሆኚ አይሻልሽም።"

"አንቺስ?"

"እኔ ውጭ ነው የምተኩሰው አሁን። ቀዳዳውም ተከፍቷል።"

"እኔ የምቀረው ግድግዳው አምሮኝ ነው እንዴ? አንቺን ፈርቼ ነው!"

"እሱማ አውቃለሁ" አለች አያልነሽ። "ፈርተሽ እንድትቀሪ አይደለም የሠራሁት።"

 "ግድግዳው ሲደርቅ እመለሳለሁ" አለች ራሔል።

"እሺ" አለች አያልነሽ። የወጣ ልጅ ግድግዳ ደረቀ ተብሎ እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ሻንጣውን ሁለቱም እየተቀባበሉ ማታቱው እስከሚቆምበት ወሰዱት። ረዳቱ "ታውን! ታውን!" እያለ ሻንጣውን ነጥቆ ከመቀመጫ ሥር ወሸቀው። ራሔል መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። መስኮቱን ስትከፍተው ከውጭ የቆመችው አያልነሽ "ዝጊው" የሚለው አፏ ላይ ደርሶ ተወችው። ማታቱው ሄደ። እሷም ተመልሳ ሃያ ስምንት አንሶላ ተኮሰች።

ኦገስት እንዳለ ቀዝቃዛ ነበር። ጥቁሩ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ሴፕቴምበር ሲጋመስ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። አያልነሽ በመጥረጊያ ጠረገችው፤ ኖራ አልቀባችም። ሽታውም ሄደ፤ የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ መመለስ አቆመ። ካውያው ከካባው ሥር ተገኘ፤ የብረት ዶሮው ተሰብሯል፣ ሌላው ደህና ነው። አብዱልአዚዝ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሥራ ሲሄድ በዚያ ያልፍና ከጣሪያው ላይ ቆሞ ወደ ቱቦው "ይተነፍሳሉ?" ብሎ ይጮሃል። ከታች "እተነፍሳለሁ" ትለዋለች። ካባው ዙሪያ መሬት የገዙ ሁለት ሰዎች እንዲህ ዓይነት ቤት ሊሠሩ ቦታውን ለማየት መጥተው ነበር። ስለ ቦዩ ነገረቻቸው፤ ስለ ቀዳዳዎቹም ነገረቻቸው፤ እንደደፈነቻቸው ግን ሳትነግራቸው ቀረች።

ራሔል መጀመሪያ በየሳምንቱ መጣች፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ። ኦክቶበር ላይ አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ግድግዳውን በእጇ ዳበሰች።

"ደርቋል።"

"ደርቋል።"

ሁለቱም ከዚያ በኋላ ስለ ግድግዳው አላነሡም። ራሔል የቀድሞ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች፤ "አምስት ደቂቃ ብቻ" ብላ። እንቅልፍ ወሰዳት። አያልነሽ ልታለብሳት መጥታ ቆመች። አትስልም። ትንፋሿ ረጅም ነው፤ እንደ ሕፃንነቷ አንድ እጇ ከአልጋው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች፤ አያልነሽ ደግሞ ውጭ ቆርቆሮው ሥር ሆና ውሃ እንኳን ሳትቀዳ፣ ድምፅ እንዳይሰማ፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ራሔል ደንግጣ ወጣች።

"ለምን አልቀሰቀስሽኝም? ማታቱ ይሞላል እኮ!"

"ደክሞሽ ነው ብዬ።"

"እንዴት እንደሚሞቅ እኮ! ፓርክላንድስ መስኮታችን አይገጥምም፣ ሌሊት ሌሊት እንቀጠቀጣለን።" ፀጉሯን እያሰረች ወደ ውስጥ ተመለከተች። "እማ፣ አንድ ብርድ ልብስ ስጪኝ፣ ልውሰድ?"

አያልነሽ ተነሣች። ሁለት ብርድ ልብስ ነበራት። ቀጭኑን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው፤ ወፍራሙን አጥፋ በፌስታል አደረገችላት።